የልደታ ንፍሮ እና የአፄው ዐዋጅ

ግንቦት 1 ቀን በልደታ በዓሉ ሁለት ቦታ ይከበራል። አንደኛው በልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ማኅሌቱ ሲቆም አድሮ፣ ቅዳሴው ተቀድሶ፣ ታቦቱ ወጥቶ፣ ነጠላ ያጣፋው ሕዝብ በእልልታ አጅቦ ወደ መንበሩ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ከቅጥሩ ውጭ ነው። በየመንደሩ በር፣ በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ ጥላ ባለው ዛፍ ሥር ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ንፍሮ ይቀቀላል፣ ድፎ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ከቤቱ ወጥቶ ይቀመጣል። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሌላው «አሜን» ይላል። «ከዓመት ዓመት ያድርሰን» ተባብሎ ይለያያል።

የአብዛኛው ሰው የግንቦት ልደታ ይኸው ነው። በአንዳንድ ቦታ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። የዛፉ ግንድ ቅቤ ይቀባል። ቀለሙ ተመርጦ የተገዛ በግ ወይም ዶሮ ይታረድና ደሙ ከዛፉ ሥር ይፈስሳል። ከንፍሮው አስቀድሞ ለ«አድባሯ» ይበተንላታል። ልጅ ያጣች ልጅ፣ ሥራ ያጣ ሥራ ይለምናል። ልመናው ለማን እንደሆነ አንዳንዴ ለማኙም አጥርቶ አያውቀውም። ለእመቤታችን ነው? ለዛፉ ነው? ለሁለቱም?

በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሙግቱ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ወገን «ባዕድ አምልኮ ነው፣ ክርስቲያን አይድረስበት» ይላል። ሌላው «የአባቶቻችን ባህል ነው፣ አትንኩብን» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ድምፁ የማይሰማው፣ ንፍሮውን ተሸክማ ደጅ የወጣች እናት ናት። እርሷ ጎረቤቷን ልታበላ እንጂ ጣዖት ልታመልክ አልወጣችም።

ሙግቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ልጅ ይመስላል። ነገር ግን ዕድሜው ወደ 600 ዓመት ይጠጋል። በዚያ ዘመን ደም ፈሶበታል፣ አንድ ንጉሥም የገዛ ልጆቹን አጥቶበታል። ዛሬ «እምነት ወይስ ባህል?» ብሎ የሚከራከር ሰው ያንን ታሪክ ሳያውቅ ቢፈርድ የቀደሙትን ስሕተት መልሶ ይደግመዋል።

መጀመሪያ በዓሉ ራሱ ከየት መጣ የሚለው ይታይ። የእመቤታችንን ልደት የምሥራቅ ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን ያከብሩታል። ኢትዮጵያና ግብፅ ግን ግንቦት 1 ላይ አንድ ናቸው። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን «በሸንስ» በምትለው ወር የመጀመሪያ ቀን ታከብረዋለች፤ ይህም ከግንቦት 1 ጋር ይገጥማል። የኢያቄምና የሐና ታሪክ፣ መካንነታቸውና ስእለታቸው፣ በያዕቆብ ስም በሚጠራው ጥንታዊ ድርሳን ውስጥ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጽፏል። የኢትዮጵያ ትውፊት በዚህ ላይ የራሱን አክሏል። የጴጥሪቃና የቴክታ ሕልም አንዱ ነው። ሌላው እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ መወለዷ ነው።

የንፍሮውን ምክንያት መምህራን የሚያስረዱት ከዚሁ ከሊባኖስ ተነሥተው ነው። ኢያቄምና ሐና ምቀኞችን ፈርተው ወደ ተራራው ሸሹ፤ ልደቱ ከቤት ውጭ ሆነ፤ በዚያ በረሓ የተገኘው እህል ተቀቅሎ ተበላ። መሓልየ መሓልይ ምዕራፍ 4 ቁጥር 8 ላይ ያለው የሊባኖስ ጥሪም በዚሁ ይተረጎማል። በዚህ አተረጓጎም ደጅ መውጣቱም ንፍሮውም ከአድባር ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም። የአንዲት ስደተኛ እናት የወሊድ መታሰቢያ ናቸው።

«አድባር» የሚለው ቃል ራሱ የነገሩን መጠላለፍ ያሳያል። በግእዝ «ደብር» ተራራ ነው፤ «አድባር» ደግሞ ብዙ ቁጥሩ፣ ተራሮች ማለት ነው። ካህናቱ «ገዳማትና አድባራት» ሲሉ የሚጠሩት ቤተ ክርስቲያንን ነው። ባላገሩ «አድባሬ ትጠብቀኝ» ሲል የሚጠራው ሰፈሩን የምትጠብቅ የማትታይ ኀይል ናት። አንድ ቃል፣ ሁለት ጌታ። ከተራራው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል የጥንቱ የተራራው ፍርሃት ሙሉ በሙሉ አልወረደም። ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቆየ።

ይህን ቀድመው ያዩት የወንጌል ሰባኪዎች ናቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሸዋና በዳሞት ያስተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድላቸው እንደሚተርከው ሰዎች የሚያመልኩትን ዛፍ ነቅለው እንጨቱን ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ አውለውታል። ከእርሳቸው 500 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በጀርመን ምድር ጌስማር በተባለ ቦታ ቦኒፋስ የተባለ ሰባኪ የነጎድጓድ አምላክ ዛፍ ተብሎ የሚፈራውን ወርካ መሰል ግዙፍ የባሉጥ ዛፍ ቆርጦ በእንጨቱ የጸሎት ቤት ሠርቷል። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር አሳዩ፦ ዛፉ ሲወድቅ ሰማይ አልተደፋም። ፍርሃቱ እንጨት ነበር፤ እንጨቱ ደግሞ ለጥሩ ነገር ዋለ።

ቀጥሎ የመጣው ሰባኪ ሳይሆን ንጉሥ ነበር። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም ነገሠ። ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል እንደ እርሱ ሃይማኖትን ያጠና፣ የጻፈና የደነገገ የለም። «መጽሐፈ ብርሃን» እና «መጽሐፈ ሚላድ» በእርሱ ስም ይታወቃሉ። በ1442 ዓ.ም በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የሰንበት ክርክር እንዲዘጋና የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ጋር እንዲታረቁ አድርጓል። በአባቱ በአፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያዘዘም እርሱ ነው። ዛሬ በልደታ ቅጥር ውስጥ የሚታየው ድምቀት አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

ይኸው ንጉሥ በጣዖት ላይ ዐዋጅ አወጀ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሰዎች በግንባራቸው ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጃቸው ላይ ሰይጣንንና «ደስክ» የሚባለውን ጣዖት መካዳቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያደርጉ ታዘዘ። እምቢ ያለ ቤቱ ይዘረፋል፣ በአካሉም ይቀጣል። ለደስክና ለ«ዲኖ» የሰገደ፣ ከጠንቋይ የተገኘ፣ ሞት ይጠብቀዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ አገሩ በስም ክርስቲያን ሆኖ በልቡ ዛፍ እንዳያመልክ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በንጉሡ ወዳጅ ተጽፎ መቅረቱ ይደንቃል። ጠላቱን ለማስወገድ የፈለገ ሁሉ «ጣዖት አምላኪ ነው» ብሎ መክሰስ ጀመረ። በሐሰተኛ ምስክር ብዙ ሰው አለቀ። ክሱ በመጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ለደስክና ለዲኖ ሰገዱ ተብለው ተከሰሱ፤ አባታቸውም አስገረፋቸው። ሕዝቡን ሰብስቦ ቁስላቸውን አሳየ። ሕዝቡ አለቀሰ። ከልጆቹ ከግርፋቱ ያልተነሡ ነበሩ። ለእግዚአብሔር ያለው ቅንዓት እውነተኛ ነበር፤ መንገዱ ግን የእምነትን ጉዳይ ለመርማሪና ለአሳባቂ አሳልፎ ሰጠው።

በዚያው ዘመን ከትግራይ፣ ከአጋሜ የወጣ አንድ መነኩሴ ነበር፤ አባ እስጢፋኖስ። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብሎ ያስተምር ነበር። ለሥዕል፣ ለመስቀልና ለንጉሥ መስገድን እርሱና ተከታዮቹ አልተቀበሉም። ተከሳሾቹ እመቤታችንን አንጠላም፣ የምንከራከረው በስግደት ነው ይላሉ። ከሳሾቹ ደግሞ «ጸረ ማርያም» ብለው ጠሯቸው። በዚህ የትምህርት ክርክር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አቋሟ የታወቀ ነው፤ የአክብሮትና የአምልኮት ስግደት ይለያያል፣ ለእመቤታችን የሚቀርበው የአክብሮት ነው ትላለች። ነገር ግን የትምህርቱ ክርክር አንድ ነገር ነው፣ የደረሰባቸው ደግሞ ሌላ። አባ እስጢፋኖስ እስር ቤት ሞተ። ተከታዮቹ ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቆረጠ፤ በድንጋይ ተወገሩ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ያንን ተግባሩን እግዚአብሔር እንደተቀበለለት አድርጎ አየው፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አለው። ዛሬ በዚያ ከተማ የሚያልፍ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ብዙም አያስበውም።

የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ርእሱ የተመረጠው በምክንያት ነው። መነኮሳቱ በገዛ እጃቸው አርሰው የሚበሉ፣ መጽሐፍ የሚገለብጡ፣ ለንጉሡ ግብር የማይነፍጉ ሰዎች ነበሩ። የነፈጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚሰግደውን ስግደት። ለጉዳዩ ለንጉሡ ለመገዛት እንጂ ለመስገድ ፈቃደኛ አልነበሩም። ከእነርሱ የተረፉት በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ቆዩ፤ ገዳሙ በብራና መጻሕፍት ሀብቱ እስከ ዛሬ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 12 ክርስቲያን ይህን ዓለም እንዳይመስል፣ በልቡ መታደስ እንዲለወጥ ያዛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ «ይህ ዓለም» የነበረው ምንድን ነው? ንጉሡ ዛፉ ነው አለ። አባ እስጢፋኖስ ዙፋኑም ነው አለ። ትምህርቱን ያልተቀበለ ሰው እንኳ ይህን ጥያቄውን ሊያልፈው አይችልም። ክርስቲያንን ወደ ራሱ መልክ የሚጎትተው የገጠር ልማድ ብቻ አይደለም። ቤተ መንግሥትም ልማድ አለው። ገበያም አለው። ብዙኀኑም አለው። ቅቤ የተቀባ ዛፍ ለማየት ቀላል ነው። ሥልጣን የተቀባ ዛፍ ግን ከሩቅ አይታይም፤ ሥሩ የተቀመጡት ብዙዎች ናቸውና።

ሌላ መንገድስ ነበረ? በ601 እ.ኤ.አ የሮሙ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚሄደው ለአባ ሜሊቶስ ደብዳቤ ጻፈለት። ምክሩ ይህ ነበር፦ የጣዖቱን ምስል አጥፉ፤ ቤቱ ግን ጠንካራ ከሆነ አታፍርሱት፣ በጸበል ረጭታችሁ ለእግዚአብሔር አድርጉት። ሕዝቡ ለአጋንንት በሬ ማረድ ለምዷል፤ በዓሉን አትከልክሉት፣ በሰማዕታት በዓል ቀን አርዶ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ይብላ። ጎርጎርዮስ ያስተዋለው ነገር አለ። ሰው ከጣዖቱ ጋር ደስታውንም፣ ጎረቤቱንም አብረህ ብትነጥቀው ተመልሶ ወደ ጣዖቱ ይሄዳል። ይህም መንገድ አደጋ አለው፤ ዛሬ ቅቤና ስመ ማርያም አንድ ግንድ ላይ የተገናኙት እንዲህ ባለ ቸልታ ነው የሚል ሰው መልስ ያሻዋል።

መልሱ ከጎርጎርዮስም ይቀድማል። የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው። በገበያ የሚሸጠው ሥጋ ብዙ ጊዜ ለጣዖት የተሠዋ ነበር። ይበላ ወይስ አይበላ? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 10 የሰጠው መልስ ሁለት ምላስ ያለው ሳይሆን ሁለት ዐይን ያለው ነው። በአንድ በኩል ጣዖት ከንቱ ነው፤ ሥጋው ሥጋ ነው፣ ከገበያ የተገዛውን ሳትመረምሩ ብሉ። በሌላ በኩል ከአጋንንት ማዕድ ጋር አትተባበሩ፤ አንድ ሰው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካላችሁ ደግሞ ስለዚያ ሰው ሕሊና ተዉት። የሚለካው ምግቡ አይደለም። የሚለካው ማዕዱ ለማን እንደቀረበና ያጠገብህ ሰው በአንተ ምክንያት ይሰናከል እንደሆነ ነው።

ይህ ሚዛን በግንቦት ልደታ ላይ ቢቀመጥ ነገሩ ይቀልላል። ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ቀቅሎ ከጎረቤት ጋር መብላት ጣዖት አይደለም። ቡና ማፍላት፣ ቄጠማ መጎዝጎዝ፣ ሽማግሌ እንዲመርቅ ማድረግ ጣዖት አይደለም። ለዛፉ ቅቤ መቀባት፣ ለእርሱ ደም ማፍሰስ፣ ከእርሱ ልጅና ሀብት መለመን ግን ሌላ ነው። እመቤታችንን የሚወድ ሰው ልመናዋን ከዛፍ ጋር አያካፍላትም። ይህን መናገር ባህልን መጥላት አይደለም። ባህሉን ከፍርሃቱ ማላቀቅ ነው። ምክንያቱም ቅቤውን የሚያስቀባው ብዙ ጊዜ ፍቅር አይደለም፤ «ዘንድሮ ካላደረግሁ አንድ ነገር ይደርስብኛል» የሚል ሥጋት ነው። ወንጌል ነጻ የሚያወጣው ከዚህ ሥጋት ነው።

በልደታ ሰፈር ይህ ጉዳይ ተራ የበዓል ክርክር ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ብዙ አሳልፏል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። ዛሬ ልደታ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም ደግሞ የድሮው መንደር በመልሶ ማልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተተካበት። በአንድ ግቢ ስኳርና እሳት የሚበዳደሩ ቤተሰቦች በከተማው ዳርቻ ተበተኑ። ዕድሩ ተበተነ፣ የቡና ጓደኛው ተበተነ። አዲስ የገባው ነዋሪ በአንድ ደረጃ እየወጣና እየወረደ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት ይሞላዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ብሂል ጎረቤቱ ሲታወቅ ነው።

እንዲህ ባለ ሰፈር ግንቦት 1 ቀን ሰው በሩን ከፍቶ ወርዶ፣ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር ከአንድ ሰሃን ንፍሮ መቆንጠሩ ትልቅ ነገር ነው። ያን ዕለት የታመመው ይጠየቃል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ጧሪ ያጣው አሮጊት ሳይበላ አይውልም። «ሁሉም ባዕድ አምልኮ ነው» ብሎ በጅምላ የሚያወግዝ ሰባኪ ይህን ሁሉ ከቅቤው ጋር አብሮ ይደፋዋል። «ሁሉም ባህል ነው» ብሎ በጅምላ የሚከላከል ደግሞ ቅቤውን ከማርያም ስም ጋር አቀላቅሎ ለልጆቹ ያወርሳል። ሁለቱም አንድ ሥራ ሸሽተዋል፤ እህሉን ከእንክርዳዱ የመለየትን ሥራ።

ሥራው ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። በንጉሥ ዐዋጅ አልሆነም። ከዘርዐ ያዕቆብ የበለጠ ኀይል፣ እውቀትና ቅንዓት ያለው ማን ሊመጣ ይችላል? ግንባር ላይ ጽሕፈት አስጻፈ፣ ልጆቹን ገበረ። ዛሬም ግን ዛፉ ሥር ቅቤ አለ። በአንጻሩ የልደታን በዓል፣ ተአምረ ማርያምን፣ ቅዳሴውንና ማኅሌቱን ስድስት መቶ ዓመት ያሻገረው በትር አይደለም። ያሻገረው የቆሎ ተማሪው ረኀብ፣ የካህኑ ትጋትና የእናቶች ፍቅር ነው። በማስተማር የገባው ቆየ። በማስፈራራት የወጣው በሌላ በር ተመለሰ።

ስለዚህ የግንቦት ልደታ ሙግት ወደ ጎረቤት መፈራረጃ ሲለወጥ የሚደገመው የአባቶች እምነት ሳይሆን የአሳባቂዎቹ ዘመን ነው። አንዷ ከዛፉ ሥር መቀመጥ ሕሊናዋን ቢከብዳት «ጴንጤ ሆናለች» ተብላ አትታማ። ሌላዋ ንፍሮዋን ይዛ ብትወጣ «ጣዖት አምላኪ» አትባል። ቅቤ የምትቀባውም ቀስ ብሎ ልጇ፣ ጎረቤቷ ወይም የንስሓ አባቷ ቢያናግራት፣ በአደባባይ ፎቶዋ ተለጥፎ ከምትሰደብ ይልቅ ትሰማለች። ፍርሃትን በፍርሃት ማውጣት አይቻልም።

ዛፉን የመረመረ ክርስቲያን እግረ መንገዱን ራሱንም ይመርምር። ቅቤ አልቀባም የሚል ሰው ለባለሥልጣን ሰግዶ ከሆነ፣ ለገንዘብ ሲል የሐሰት ምስክር ቆሞ ከሆነ፣ ወገኔ ነው ብሎ የበደለውን ደግፎ የተበደለውን ጠልቶ ከሆነ፣ አድባሩ የት እንዳለች ያውቃል። ዛፍ የሌላት ብቻ ናት።

ግንቦት 1 ሲመጣ ልደታ ላይ ታቦቱ ይወጣል፤ በየግቢውም ንፍሮው ይቀርባል። ከቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጭ ያሉት ሁለት በዓላት አንድ ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ አለ። በረሓ ላይ ከቤቷ ውጭ የወለደችው ሐና በማንም ዛፍ አልታመነችም። ያመነችው ስእለቷን የሰማውን ነው፤ ያገኘችውንም እህል ቀቅላ በላች። ንፍሮው የእርሷ ከሆነ ለጎረቤት ይዳረሳል። ለዛፉ ግን አይበተንም።